ያን ያህል ለፍተው ያጣሩትን ውሃ ጋዶሊኒየም የጨመሩበት ለምንድን ነው? (የጃፓኑ ገንዳና የኛ የእጥበት ውሃ)

ውሃ ጠባቂ · ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8፡40

ሰላም ለቤቱ። እኔ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ውስጥ የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ነኝ። ማሽኖቹንም አያለሁ፤ ቀኔን የሚበላው ግን ውሃው ነው። ከቧንቧ የሚመጣውን (ፈረቃችን ሲደርስ ማለቴ ነው፤ ካልደረሰ ከቦቴ ወደ ሮቶ ነው) በአሸዋ ማጣሪያ፣ በሶፍትነር፣ በሁለት የካርቦን ታንክና በአርኦ (ውሃውን በግፊት በሜምብሬን አሳልፎ ጨዉን በሚያስቀር ማጣሪያ) አሳልፌ ለማሽኖቹ አደርሳለሁ። አንድ ታካሚ በአንድ እጥበት 120 ሊትር ግድም ይፈልጋል፤ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር፣ ለ4 ሰዓት። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው ደሙ ከ360 ሊትር ውሃ ጋር ይገናኛል ማለት ነው። እኔና እናንተ በሳምንት 14 ሊትር ብንጠጣ ነው፤ እሱንም አንጀታችን መርጦ ነው የሚያሳልፈው። የእሱን ደም ከውሃው የሚለየው አንድ ስስ ሜምብሬን ብቻ ነው።

ትናንት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ስልኬን ስነካካ ጃፓን ውስጥ ከተራራ ሥር ስላለ ገንዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ገጠመኝ። 50 ሺህ ቶን ውሃ! ሰዎቹ በጎማ ጀልባ ይሄዱበታል። የማጣሪያ ክፍላቸውን ሲያሳዩ ከወንበሬ ተነሳሁ። አርኦ አለ፣ ዩቪ አለ፣ ሬዚን አለ፣ ጋዝ ማውጫ አለ። የኔው ክፍል ነው፣ ዝሆን አክሎ። ቀጥለው ደግሞ ያን ያህል የለፉበት ውሃ ውስጥ ጋዶሊኒየም የሚባል ብርቅዬ ብረት ጨመርንበት አሉ። ጋዶሊኒየም የኤምአርአይ ምስል እንዲጎላ በሚሰጥ መድኃኒት (ኮንትራስት) ውስጥ አለ፤ እኛ ጋ ስሙ የሚነሳው «እኚህ ታካሚ ኤምአርአይ በጋዶሊኒየም እንዳይነሡ» ተብሎ ነው። ታዲያ ምን ሊሆናቸው ጨመሩት? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ቆቁ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

መጀመሪያ የሌሊት ተረኛ ቪዲዮ ሲያይ እንደሚያድር ለታካሚዎቹ ይነገራቸው።

ከምድር በታች · ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡05

ውሃ ጠባቂ፣ እኔ ጀርመን የቅንጣት ፊዚክስ ተማሪ ነኝ። እዚያ ገንዳ ላይ አልሠራሁም፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ግን ስለ ኒውትሪኖ (ከምንም ነገር ጋር እምብዛም የማይነካካ ጥቃቅን ቅንጣት) ስለሆነ ታሪኩን አውቀዋለሁ። ይረዝማልና ቡናህን ያዝ።

ገንዳው ሱፐር ካሚዮካንዴ ይባላል፤ የተሠራው ኒውትሪኖ ለመያዝ ነው። ጊፉ በሚባለው ግዛት፣ ካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ 1,000 ሜትር ከመሬት በታች ይገኛል። ቁመቱም ወርዱም 40 ሜትር ግድም ነው። የውስጥ ግድግዳው ላይ 11 ሺህ ያህል የመስታወት ዓይኖች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ ስፋት ግማሽ ሜትር ነው። ፎቶመልቲፕላየር ይባላሉ፤ ጭላንጭል ብርሃን አንሥተው ወደ ኤሌክትሪክ ምት ይለውጣሉ። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ያን ያህል የቀበሩት ከሰማይ የሚዘንበውን የኮስሚክ ጨረር አለቱ እንዲያስቀርላቸው ነው። ኒውትሪኖን ግን አለት አያቆመውም። አሁን ይህን ስታነብ በአንዲት ጥፍርህ ላይ በየሰከንዱ ከፀሐይ የመጡ ወደ 60 ቢሊዮን ኒውትሪኖዎች እያለፉ ነው፤ አንዱም አይነካህም። ከስንት አንዴ አንዱ ውሃው ውስጥ ካለ ቅንጣት ጋር ሲጋጭ፣ ተፈናጥሮ የሚወጣው ቅንጣት ውሃ ውስጥ ከብርሃን ይፈጥናል። ከብርሃን ይፈጥናል ስላልኩ አትቆጡኝ፤ ብርሃን ራሱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በሰከንድ ወደ 225 ሺህ ይወርዳል። ያ ቅንጣት ሰማያዊ ብርሃን እየረጨ ይሄዳል፤ ብርሃኑም ግድግዳው ላይ ቀለበት ሠርቶ ይታያል። ቸረንኮቭ ብርሃን የሚባለው ይኸው ነው። ውሃው እንዲያ የሚጣራው ይህ ደካማ ብርሃን ሳይጠፋ ገንዳውን ተሻግሮ ዓይኖቹ ጋ እንዲደርስ ነው። ከአለቱ የሚወጣው ራዶን ጋዝም የሐሰት ምልክት ስለሚሰጥ ጋዝ ማውጫው ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ጋዶሊኒየሙ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1987 ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ፈንድቶ ነበር። ያኔ የነበረው 3,000 ቶን የሚይዘው አሮጌው ካሚዮካንዴ ነው፤ ከፍንዳታው 11 ኒውትሪኖ ያዘ። አሥራ አንድ! ማሳቶሺ ኮሺባ በ2002 ለኖቤል ሽልማት የበቁት በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ቀርቦ የፈነዳ ኮከብ የለም። ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ በየጋላክሲው የፈነዱት ከዋክብት ሁሉ የለቀቁት ኒውትሪኖ እስከ ዛሬ በጠፈሩ ውስጥ ይዞራል። አስቸጋሪው እሱን ከሌላው ኮሽታ መለየቱ ነው።

ፀረ ኒውትሪኖ (የኒውትሪኖ ተቃራኒ መንትያ) ውሃው ውስጥ አንድ ፕሮቶን ሲመታ ሁለት ነገር ይወጣል፤ ፖዚትሮንና ኒውትሮን። ፖዚትሮኑ ብልጭ ይላል። ኒውትሮኑ ግን ድምፁን አጥፍቶ ይንከራተትና በመጨረሻ ሃይድሮጅን ይውጠዋል፤ ያኔ የሚወጣው ጨረር ለዓይኖቹ በጣም ደካማ ነው። ጋዶሊኒየም ካለ ግን እሱ ይቀድማል። ለኒውትሮን እንደሱ የሚስገበገብ በተፈጥሮ የሚገኝ ንጥረ ነገር የለም። ሲውጠውም 8 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ ነው) ያህል ጋማ ጨረር ይተፋል፤ ይህ በደንብ ይታያል። ስለዚህ አንድ ብልጭታ፣ ከዚያ አንድ ሺኛ ሰከንድ ሳይሞላ ሁለተኛ ብልጭታ። በርህ አንዴ ቢንኳኳ ነፋስ ነው ብለህ ትተኛለህ፤ ሁለቴ ከተንኳኳ ግን ሰው ነው።

ሐሳቡን ያመጡት ጆን ቢኮምና ማርክ ቫጊንስ የሚባሉ ሁለት የፊዚክስ ሰዎች ናቸው፣ በ2003 ግድም። እውን የሆነው በ2020 ነው፤ 13 ቶን የጋዶሊኒየም ሰልፌት ተሟሟ። በ2022 ደግሞ 26 ቶን ጨመሩ።

ውሃ ጠባቂ · ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

እግዜር ይስጥህ፣ ገባኝ። የኔ ሥራ ግን አሁን ነው የጀመረው! ውሃውን መልሰው ሲያጣሩት አርኦውና ሬዚኑ ጋዶሊኒየሙንም አብሮ አይጠርግባቸውም? የኔ አርኦ «ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ መጥፎ ነው» ብሎ አይመርጥም፤ ያገኘውን ጨው ሁሉ ነው የሚያስቀረው።

ከምድር በታች · ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

ዓመታት የፈጀባቸው ይኸው ነው። ከሐሳቡ እስከ ሥራው 17 ዓመት ያህል የሄደው ለምን ይመስልሃል? ጋዶሊኒየሙን ትቶ ሌላውን ሁሉ የሚያስወግድ ማጣሪያ መፍጠር ነበረባቸው። እዚያው ማዕድን ማውጫ ውስጥ 200 ቶን የሚይዝ መሞከሪያ ገንዳ ሠርተው ዓይኖቹን፣ ብረቱን፣ የውሃውን ጥራት ከጋዶሊኒየሙ ጋር ለዓመታት ፈተኑ። ሌላም ችግር ነበር፤ ትልቁ ገንዳ ያፈስ ነበር። ንጹህ ውሃ እያለ ማንም አልተጨነቀም፤ ጋዶሊኒየም ያለበት ውሃ ግን ወደ ወንዝ አይለቀቅም። በ2018 ከፍተው በየመገጣጠሚያው ማሸጊያ ቀቡት።

ውሃ ጠባቂ · ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡22

ምን ያህል ያፈስ ነበር?

ከምድር በታች · ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡25

በቀን 1 ቶን ግድም።

ውሃ ጠባቂ · ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡26

ከ50 ሺህ ላይ? እሱ ላብ ነው እንጂ ፍሳሽ አይባልም። የኛ ሰፈር መስመር ቢያየው ይቀናል።

ማክሰኞ ሐሙስ ቅዳሜ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

እኔ ታካሚ ነኝ፣ ስሜን አይታችሁ ትረዱታላችሁ። እውነቱን ብናገር አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ሐሙስን ኪሴ አልቻለውም። ያም ሆኖ ስለ ጋዶሊኒየም ስታወሩ ጊዜ ዝም ማለት አቃተኝ። አምና ኤምአርአይ ታዘዘልኝና ምርመራ ቦታው ስደርስ የእጥበት ታካሚ መሆኔን ሲሰሙ መለሱኝ። ለምን ብዬ ብጠይቅ አንዱ «መድኃኒቱ ጨረር አለው፣ ሰውነትሽ ውስጥ ይቀራል» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። አሁን ደግሞ እናንተ ጋማ ይተፋል እያላችሁ ነው። እውነት ጨረር ነው?

ከምድር በታች · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

እህቴ፣ የኔ አጻጻፍ ካስደነገጠሽ ይቅርታ። አይደለም። ለኤምአርአይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የጨረር መድኃኒት አይደለም። ገንዳው ውስጥ ጋማ የሚወጣው ኒውትሮን ሲውጥ ብቻ ነው፤ ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ኒውትሮን የሚተኩስ ነገር የለም፣ ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ ነው ያለው። ያው አንዱ ብረት ሁለት የተለያየ ሥራ ይሠራል። ገንዳው የሚፈልገው የአተሙን ኒውክሊየስ ነው። ኤምአርአይ የሚፈልገው ደግሞ ውጪ ያሉትን 7 ጥንድ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች ነው፤ እነሱ እንደ ትንሽ ማግኔት ሆነው በአጠገባቸው ያለውን የሰውነት ውሃ ምልክት ያጎሉታል። ለምን ከለከሉሽ የሚለውን ለሐኪም ልተው።

የኩላሊት ተረኛ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡35

ሬዚደንት ነኝ፤ ከቀን ወደ ቀን የምንከራከርበት ጉዳይ ስለሆነ ልግባ። እርስዎን የመለሱዎት ያለምክንያት አይደለም፤ የነገሩዎት ምክንያት ግን ስሕተት ነው።

ጋዶሊኒየም ብቻውን ሲሆን መርዝ ነው። የቅንጣቱ ስፋት ከካልሲየም ጋር ስለሚቀራረብ ካልሲየም የሚገባበትን በር ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ሲሆን እንደ ሸርጣን ጥፍር የሚይዘው ሞለኪውል ውስጥ ታስሮ ነው የሚሰጠው። ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ግማሹን በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊቱ ያቆመ ሰው ላይ ግን ያው ግማሽ ለመውጣት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ያን ያህል ሲቆይ የላላ ጥፍር ይከፈታል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የኩላሊት ታካሚዎች ላይ እንግዳ ነገር መታየት ጀመረ፤ ቆዳቸው እንደ ቁርበት ይደርቃል፣ መገጣጠሚያቸው አልታጠፍ ይላል። ለዓመታት ምክንያቱ አልታወቀም። በ2006 አንድ የኦስትሪያ ሐኪም በጋዶሊኒየም ኤምአርአይ ከተነሡ 9 የእጥበት ታካሚዎቹ 5ቱ ላይ ይህ እንደታየ ጻፈ። ሌሎችም መዝገባቸውን ገልጠው ያንኑ አገኙ። በ2007 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ኤምአርአይ ክፍሎች ሁሉ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) መጠየቅ የጀመሩት ያኔ ነው። አዲስ ሕመምተኛም ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ብዙዎቻችን ያላደስነው ግን ቀጣዩን ምዕራፍ ነው። ችግሩን ያመጡት በአብዛኛው ጥፍራቸው ክፍት ሰንሰለት የሆነው አሮጌዎቹ ናቸው። ብረቱን እንደ ቀለበት ዙሪያውን የሚዘጉት አዳዲሶቹ ላይ አደጋው እጅግ ትንሽ ነው፤ ዛሬ ምርመራው የግድ ከሆነ በእነሱ ማንሣት እንደሚቻል የራዲዮሎጂና የኩላሊት ማኅበራት ተስማምተዋል። ስለዚህ «አይቻልም» ሲሉዎት «የትኛው ዓይነት ነው ያላችሁ? ያለ ኮንትራስትስ አይበቃም?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄውን ሐኪምዎ ይጻፍልዎ፤ በቃል ሲሆን አይሰማም። እጥበትዎንም ከምርመራው በኋላ ቶሎ እንዲሆን ያስተካክሉልዎ።

ማክሰኞ ሐሙስ ቅዳሜ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

እድሜ ይስጥልኝ ዶክተር። ቀለበቱ ነው የሚሻለው፣ ሰንሰለቱ አይደለም። ጽፌ ያዝኩት።

ሒሳብ ሹም · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ክሩ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ሰው ይህን መጠየቅ አለበት። እህታችን ሐሙስን መክፈል አቅቷት ዘለለችው። እዚያ ማዶ 39 ቶን የብርቅዬ ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ከቢሊዮን ዓመት በፊት የፈነዳ ኮከብ ለመቁጠር። ለማን ይጠቅማል? «ሳይንስ ለሰው ልጅ» የሚለውን መልስ ከወዲሁ አልቀበልም።

ከምድር በታች · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡40

አልልህም። ገንዳው ለኩላሊት አልተሠራም፤ ጋዶሊኒየም መጨመሩም አንድ ታካሚ አያድንም። ኤምአርአይም በጋዶሊኒየም መጠቀም የጀመረው በ1980ዎቹ ነው፤ የኒውትሪኖ ሰዎች በኋላ ነው የደረሱበት። ውለታ ካለ ከሕክምና ወደ ፊዚክስ ነው ማለት ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። በ1937 ጣሊያን፣ ፓሌርሞ ውስጥ ኤሚሊዮ ሰግሬ የሚባል ሰው ከአሜሪካ በፖስታ የብረት ቁራጭ መጣለት። በርክሌይ ያለው የቅንጣት ማፋጠኛ ውስጥ ሲደበደብ ኖሮ የተጣለ ሞሊብዲነም ነበር። ሰግሬና ካርሎ ፔሪየር ቁራጩን ሲመረምሩ ማንም አይቶት የማያውቅ ንጥረ ነገር አገኙበት፤ ቴክኒሺየም። ሲያደርጉት ኩላሊት አላሰቡም። ዛሬ የኩላሊት ስካን የሚነሳው በምንድን ነው? ዶክተሩ ይንገሩህ።

የኩላሊት ተረኛ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡55

በቴክኒሺየም 99ኤም (ጨረር በሚሰጥ የቴክኒሺየም ዓይነት) ነው። በ6 ሰዓት ግማሹ ስለሚከስም ታካሚው ላይ አይቆይም። የትኛው ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ፣ ሽንት የት ላይ እንደታገደ፣ የተተከለ ኩላሊት ደም ደርሶት እንደሆነ ይታይበታል። የሚያነሣው ካሜራም ውስጡ ከገንዳው ዓይኖች ጋር አንድ ዘር የሆኑ፣ አነስ ያሉ ፎቶመልቲፕላየሮች ናቸው።

ለፊዚክሱ ወዳጃችን ደግሞ አንድ ሳያስበው የቀረ ላቀብለው። ቴክኒሺየሙ ለኩላሊት ስካን ከሚታሰርባቸው ጥፍሮች አንዱ ዲቲፒኤ ይባላል። የመጀመሪያው የጋዶሊኒየም ኮንትራስት የታሰረውም በዚሁ በዲቲፒኤ ነው። አንድ ጥፍር፣ ሁለት ብረት። በአንዱ ኩላሊቱን ትመረምርበታለህ፣ በሌላው ደግሞ ኩላሊቱ የደከመውን ሰው ትጎዳበታለህ።

ሒሳብ ሹምንም ግን እደግፈዋለሁ። እጥበት ራሱ ከትልቅ ላቦራቶሪ አልመጣም። ቪለም ኮልፍ በ1943፣ ሆላንድ በጀርመን ተይዛ ሳለ፣ የመጀመሪያውን የእጥበት ማሽን የሠራው በቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፎን ነው። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አልተረፉም፤ በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ነቃች። የኛ አገር ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ የተጀመረው በ2015 ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ዛሬ ሐሙስን የሚያዘልለው የዕውቀት እጥረት አይደለም፤ የማጣሪያና የመድኃኒት ዋጋ ነው፤ ያም ከጃፓን ገንዳ በጀት የሚቀነስ አይደለም።

ሒሳብ ሹም · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እቀበላለሁ። የቀረውን አስብበታለሁ።

ቆቁ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

ያንን ውሃ ቢጠጡትስ?

ከምድር በታች · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

አትጠጣውም። ጋዶሊኒየሙ ሳይጨመርበት ራሱ የተራበ ውሃ ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ ያሟሟል። እዚያ የሠራ አንድ ሰው ለጋዜጠኛ እንዳወራው፣ ጀልባው ላይ ጋደም ብሎ የገንዳውን ዓይኖች ሲጠግን የፀጉሩ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሌሊት ጭንቅላቱን ሲያሳክከው ተነሣ፤ ውሃው ከፀጉሩ ጫፍ ገብቶ እስከ ቆዳው ድረስ መጥጦታል።

የባሰው በ2001 ነው። ኅዳር ላይ ገንዳውን ጠግነው ውሃ እየሞሉ ሳለ ከመስታወት ዓይኖቹ አንዷ ከሥር ተሰባበረች። የእሷ ግፊት ጎረቤቷን፣ ጎረቤቷ ሌላዋን፤ በሰከንዶች ውስጥ ከ6 ሺህ በላይ አለቁ። ዛሬ እያንዳንዷ መከላከያ ልብስ አላት።

ውሃ ጠባቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

የተራበ ውሃ የምትለው እኛም እናውቀዋለን። ከአርኦ በኋላ የመዳብ ቧንቧ የማንጠቀመው ለዚያ ነው፤ መዳቡን በልቶ ለታካሚው ያደርሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውጣ። የእናንተ ገንዳ ውሃው ቢቆሽሽ ኒውትሪኖ ያመልጣችኋል። የኛ ቢቆሽሽ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ የከተማ ውሃ ማጥሪያ ከሆነው አሉም የመጣ አሉሚኒየም የእጥበት ታካሚዎችን አእምሮ ይነካ ነበር፤ መናገር ያቅታቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። ዛሬ ገደቡ በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። በ1996 ደግሞ ብራዚል፣ ካሩዋሩ ከተማ፣ ከግድብ በቦቴ የመጣ ውሃ ውስጥ የነበረ የአልጌ መርዝ አንድ የእጥበት ክሊኒክ ውስጥ ከ50 በላይ ሰው ገደለ። በቦቴ። እኔ ቦቴ በር ላይ ሲቆም ሁሌ ካሩዋሩ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ሹፌሩ ምን ሆንክ ይለኛል።

ከምድር በታች · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ጥያቄ፤ ክሎሪኑን የሚያስቀረው ካርቦን ታንክህ እንደጠገበ እንዴት ታውቃለህ? እኛ ሁሉን በሴንሰር ነው።

ውሃ ጠባቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ታንኮቹ ሁለት የሆኑት ለዚያ ነው። በየፈረቃው ታካሚ ከመገናኘቱ በፊት በሁለቱ መካከል ካለው ቧንቧ ውሃ ቀድቼ ክሎሪኑን እለካለሁ። በሊትር ከ0.1 ሚሊ ግራም ካለፈ አንደኛው ጠግቧል፤ ሁለተኛው እያለ ግን ታካሚው ጋ አይደርስም፣ ታንኩን ለመቀየር ጊዜ አለኝ። ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ሲጣመር የሚሆነው) ካመለጠ ደሙን ያፈርሰዋል። የእኔ ሴንሰር ጠብታ፣ ብልቃጥና ዓይን ነው። ቀለሙን በመብራት ሳይሆን በመስኮት ብርሃን አየዋለሁ፤ ኒዮኑ ያታልላል። ክረምት ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ስለሚጨልም ደጅ ወጥቼ ነው።

ማክሰኞ ሐሙስ ቅዳሜ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

ታጥቤ ገባሁ፣ ደክሞኝ ነው አሁን ያነበብኩት። እኛ ጋም ጠዋት ጠዋት ብልቃጥ ይዞ ደጅ የሚቆም ልጅ አለ። የሚጸልይ ይመስለኝ ነበር።

ቆቁ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡41

ሁሉን አላችሁ፤ የቪዲዮውን ስም ግን እስካሁን ማንም አልጻፈም።